አፉ የተሰፋው ቦርሳ

አባቴ ከሞተ ብዙም ሳይቆይ እናቴ ሸሚዞቹን ሁሉ ቆረጠቻቸው። አንድም አላስቀረችም። ቅዳሜ ጠዋት ልጠይቃት ብመጣ ቁምሳጥኑ ውስጥ መስቀያ ብቻ ቀርቷል፤ እሷ የስፌት ማሽኗ ላይ አቀርቅራ ፔዳሉን ትረግጣለች። ለባዛሩ ነው አለችኝ፣ ቀና እንኳን ሳትል።

ባዛሩ በየዓመቱ ለኩላሊት ሕሙማን የሚዘጋጅ ነው። የሰፈሩ ሴቶች የጨርቅ ቦርሳ ሰፍተው ይሸጣሉ። አለቃቸው ጎረቤታችን ናት፤ ማዘዝ ስለምትወድ ኮማንደር እንላታለን። እናቴን አይታ «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ብላ ቀልዳ ነበር አሉ። እናቴ አልሳቀችም። እኔም ስሰማ አልሳቅሁም፣ አልተቆጣሁምም። በዚያ ሰሞን ምንም አይሰማኝም ነበር። እበላለሁ፣ ሥራ እገባለሁ፣ ሰው ሲያጽናናኝ እሺ እላለሁ። እንባ ከየት ይምጣ።

የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከሸሚዞቹ አንዱን። የትኛውም ይሁን፣ እሱን ብይዝ የሆነ ነገር ይሰማኝ ይሆናል ብዬ ነበር። ይህንን ስነግራት ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ቆይታ ደግሞ፣ የተቆረጠ ተቆርጧል፣ ይልቅ እጅጌዎቹን ተርትሪልኝ አለችኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተቀመጥኩና መተርተር ጀመርኩ።

የሸሚዝ ጀርባ ኪስም ቁልፍም የለበትም። እሱን ለሁለት አጥፋ በግልባጩ ትሰፋና ትገለብጠዋለች። እጅጌው ማንጠልጠያ ይሆናል። ኮሌታው ይጣላል፤ የሰው ኮሌታ አንጠልጥሎ ገበያ የሚሄድ የለም ትላለች። መጨረሻ ላይ ካውያ። የሰው ልብስ እየሰፋች ያሳደገችኝ ሴት ናት፤ ስፌቷ ጠማማ ሆኖ አይቼ አላውቅም።

የባዛሩ ዕለት እሷ ቀድማ ስለሄደች ቦርሳዎቹን ከመኝታ ቤቷ ሰብስቤ ያመጣሁት እኔ ነኝ። አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኳቸው። የአባቴ ባለመስመር፣ የአባቴ ቡናማ፣ በማላውቃቸው ሰዎች ትከሻ ላይ ተንጠልጥለው እየወጡ ሄዱ። ቆሜ አየኋቸው። ምንም። አመሰግናለሁ፣ በደስታ ያዙት እላለሁ።

አንዲት ነርስ ሰማያዊውን አንስታ እጇን ልትከት ብትል አልገባ አላት። አገላብጣ አየችውና ሳቀች፤ አፉ ተሰፍቷል። ኮማንደር ተቀብላት፣ «ባለሙያም ይሳሳታል እንዴ» ብላ ወደ እኔ ወረወረችው። እናቴ ምንኛ ብትደክም ነው ብዬ ትንሽ አዘንኩላት። መቀሴን አውጥቼ መተርተር ጀመርኩ።

ግማሽ እንደደረስኩ እናቴ ከኋላዬ መጥታ እጄን ያዘችኝ።

«ተይው» አለች። «እሱን ማን አመጣው?»

«እኔ ነኝ፣ እማዬ። ትራስሽ ሥር ነበር። አፉን ሰፍተሽዋል እኮ።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከዚያ ዝግ ብላ ነገረችኝ። አባቴ ሆስፒታል የገባው ያንን ሸሚዝ ለብሶ ነበር። ሌሎቹን ስታጥብ እሱ ከሆስፒታል ከመጣበት ፌስታል ሳይወጣ ቀርቶ፣ ኋላ ሳታስተውል ከታጠቡት ጋር ቆረጠችው። ማንጠልጠያውንም ሰፍታለት ጨርሳ ካውያውን ስታሳርፍበት ነው ያወቀችው።

«እሱን እሱን ሸተተኝ» አለች። «ምን ላድርገው? እንዳይወጣ ብዬ ሰፋሁበት።»

መቀሱ እጄ ላይ ነው። በተረተርኩት በኩል ቡጢ ያስገባል። ነርሷ ሌላ ቦርሳ እያየች ፊቷን አዞረች።

«እስቲ አሽትቺልኝ» አለችኝ እናቴ። «አለ?»

ፊቴን ክፍተቱ ላይ ደፍቼ በረጅሙ ሳብኩ። ጨርቅ ሸተተኝ፣ ካውያ የነካው ጨርቅ። ደግሜ ሳብኩ። ከጨርቁ በቀር ምንም የለም።

«አለ» አልኳት።

ሸሚዙን ስጪኝ አላልኳትም። እሷ መርፌ ከደረቷ ነቅላ ሰጠችኝና፣ ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ፣ ቶሎ ክር አስገቢልኝ አለችኝ። ላስገባ ብሞክር እንባዬ ጋርዶኝ ቀዳዳው አልታይ አለኝ።