በዕቃነት የተመዘገቡት አማት

ኬሚስቷ ስንት ዓመት የለፋችበትን ፈሳሽ አማቷ ባንድ ትንፋሽ ጨለጡት። የቤተ ሙከራው ማቀዝቀዣ ተበላሽቶ ነው ቤት ያመጣችው፤ በጭማቂ ጠርሙስ ማስቀመጧ ግን የገዛ ጥፋቷ ነው፣ ማንም አያስተባብልላት። አማቷ እንደሆኑ ፍሪጅ ውስጥ የተረሳ ነገር ሲያዩ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሴት ናቸው። ልጃቸው ሚስቱን ጥሎ ሲሄድ እንኳ "እሱ ይሂድ፣ እኔ የትም አልሄድም" ብለው ከእሷ ጋር የቀሩ ናቸው።

"ትንሽ ይመራል" አሏት ጠርሙሱን እያለቀለቁ። "ሊበላሽ ነበር እኮ።"

ፈሳሹ እንዲህ ነው፦ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ከማንም ጋር አይነካካም። የካንሰር ዕጢ ካገኘ እዚያው ይለጠፋል፣ ካጣ በሽንት ይወጣል። ቀጥሎ ጓደኛው፣ ሁለተኛው ፈሳሽ፣ ይሰጣል። እሱም ደሙን፣ ጉበቱን፣ ኩላሊቱን እንዳላየ አልፎ የመጀመሪያውን ብቻ ይፈልጋል፤ ሲገናኙ ይበራሉ። እንዲህ ያለ ኩሩ ጥንድ ስትፈልግ ነው ጸጉሯ የሸበተው። በማግስቱ ሥራዋን በሚገመግሙት ዳኞች ፊት ዕጢ ያለባት አይጥ ላይ ካልበራ ደግሞ ቤተ ሙከራው ይዘጋል።

"እንግዲህ ፈሳሹ ያለው ሴትዮዋ ውስጥ ነው" አሉ የዳኞቹ ሰብሳቢ፣ ነገሩን ሲሰሙ ቅንጣት ሳይደነግጡ። "ስለዚህ ሴትዮዋ የቤተ ሙከራው ዕቃ ናቸው። ይቅረቡ።"

አማቷም "ያጠፋሁትን ልካስ" ብለው ፈቀዱ። የንብረት ክፍል ሠራተኛው ቁጥር ያለበት ወረቀት አምጥቶ ሹራባቸው ላይ ለጠፈ። እሳቸው ለወንበሩ ትራስ ጠየቁ።

"ዕቃ አይናገርም፣ እናት" አሉ ሰብሳቢው።

"የእናንተ ዕቃ ቢናገር ኖሮ ይሄኔ የት በደረሳችሁ!"

ትራሱ መጣ።

ጓደኛውን ፈሳሽ ጠጡ፣ መብራቱ ጠፋ፣ የተከበሩ ፕሮፌሰሮች በጨለማ ተደርድረው አንዲት አሮጊት ላይ አፈጠጡ። ምንም የለም። አንዱ አዛጋ። ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ቤተ ሙከራ ሊዘጉ ሲሉ እንዲህ እንደሚያደርጉ ኬሚስቷ ታውቃለች።

"በቃ ይተዉት፣ እማዬ" አለች።

"ዝም በይ፣ ገና መቼ ሞቅኩና" አሉ አማቷ። ፈተና መውደቅ አይወዱም።

ኬሚስቷ በልቧ ተማጸነች። የኔ ጌታ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አብራልኝ አለች።

በራ። ከቀኝ ጎናቸው፣ ሹራቡን አልፎ፣ አውራ ጣት የምታህል አረንጓዴ ብርሃን። ሌላ የትም ቦታ የለም፤ ልክ እሷ እንዳለችው። ዳኞቹ ብድግ ብለው አጨበጨቡ። ሰብሳቢው "እንዴት ያለ ዕቃ ነው" እያሉ የሚሆኑትን አጡ፣ ቤተ ሙከራው አይዘጋም አሉ። አማቷ ተነሥተው ለሁሉም እጅ ነሱ። ኬሚስቷም ማጨብጨብ ጀምራ ነበር፤ እጇ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ሮጣ ሄዳ ያቺን ብርሃን በመዳፏ ያዘቻት።

"ምነው የኔ ልጅ፣ ከፋሽ እንዴ?" አሉ አማቷ። "ይኸው በራሁልሽ አይደል?"