በዘፈንና በዘፈን መሀል

እንደ መኪና ቴፕ ያለ ግትር ነገር በሕይወቴ አላየሁም። ኮምፒውተር ላይ አምሮ የዘፈነው ሲዲ መኪና ውስጥ ሲገባ አላውቅህም ይባላል። ደንበኛው ደግሞ ተመልሶ መጥቶ የሚጮኸው በቴፑ ላይ ሳይሆን በእኔ ላይ ነው። ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ባለችው ጠባብ ሱቄ ፎቶ ኮፒ አደርጋለሁ፣ ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፣ ዘፈን በሲዲ እቀዳለሁ። ምላሷ ይቆርጣል ይሉኛል። ይበሉ። ከእኔ ቤት የወጣ ሲዲ ግን አይንተባተብም።

የታናሽ እህቴ ባል ነው የፈተነኝ። ሰፈሩ በሙሉ ጨዋው ይለዋል። መነፅር ቤት ይሠራል፤ ለአሮጊቶች መነፅር ሲያጠልቅ ጆሯቸውን እንዳይነካቸው የሚሳሳ፣ ለሕፃን እንኳ እርስዎ ማለት የሚቃጣው ሰው ነው። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የሰማው የለም። እኔንም እትዬ ብሎ ብድግ ሳይል አነጋግሮኝ አያውቅም። እናታችን ብትኖር እንዲህ ያለ ልጅ በወለድኩ ትል ነበር። መኪናው አሮጌ ናት፤ ድምፅ ማጉያዎቹ ግን የሠርግ አዳራሽ ይበቃሉ። መስኮቶቿ ላይ ጥቁር ላስቲክ ተለጥፏል፣ ለፀሐይ ነው ይላል።

መጀመሪያ የቀዳሁለትን ሲዲ በማግስቱ ይዞት መጣ፣ አላነበበም። ብዙ ዘፈን እንዲይዝለት ብዬ በኤምፒ ስሪ አጭቄበት ነበር፤ የሱ ቴፕ ደግሞ ኤምፒ ስሪ ከመምጣቱ በፊት የተወለደ ነው። ሁለተኛውን እንደ ድሮው በተራ ኦዲዮ ቀዳሁለት፣ እሱንም አላምጦ ተፋው። ጥፋቱ የሲዲው ነበር፤ እያጠፉ ደግመው የሚቀዱበት ዓይነት ነው፣ አሮጌ ቴፕ እሱን አያይም። ሦስተኛውን አንዴ ብቻ ከሚቀዳበት ዓይነት መርጬ፣ ፍጥነቱን ወደ ታች አውርጄ፣ መጨረሻ ላይ ሌላ እንዳይጨመርበት ዘግቼ ሰጠሁት። በዚህ ሁሉ ምልልስ አንድ ቀን ፊቱን አላጠቆረብኝም። እህቴ ከኋላው ቆማ ሲዲውን አፍጥጣ ታየዋለች። ይኼኛው ይሠራል ወይ ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ። ለአንድ ሲዲ እንዲህ መጨነቋ አናደደኝና፣ ካልሠራ እኔ መጥቼ እዘፍንላችኋለሁ አልኳት። አልሳቀችም።

ሠራ። ጨዋው መጥቶ ምስጋናውን አደረሰኝ፣ ግን አንዲት ነገር ብቻ ቅር አለችኝ አለ። ማሽኑ በዘፈንና በዘፈን መሀል ከራሱ የሚጨምራት የሁለት ሰከንድ ዝምታ አለች፤ ብዙ ሰው አያስተውላትም።

«ዝምታ ይረብሸኛል፣ እትዬ» አለኝ ፈገግ ብሎ። «አንዱ ሳያልቅ ሌላው ቢቀጥልልኝ። እጅዎ ይባረክ።»

የሙዚቃ ጆሮ ያለው ሰው ማለት ይኼ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ቁጭ ብዬ የአንዱን ዘፈን ጅራት በሌላው ራስ ላይ እየደረብኩ፣ መርፌ የማታስገባ አድርጌ ሰፋሁለት። እንዲያምርለትም ሲዲው ፊት ላይ ባለ ቀለም ወረቀት አትሜ ለጠፍኩበት። ይህች የእኛ የሲዲ ቀጂዎች ሞኝነት ናት። መኪና ፀሐይ ላይ ሲውል ሙጫው ይለቅና ወረቀቱ ይሸበሸባል፣ ሲዲው ከቴፑ ጉሮሮ አልወጣም ይላል። እንደተባለውም ተቀረቀረ። ጨዋው ሥራ ላይ ስለሆንኩ ቁልፉን ከእናቴ ተቀብለው ቢያወጡልኝ ብሎ ላከብኝ፤ እኔም በምሳ ሰዓት ወረንጦዬን ይዤ ሄድኩ።

እናቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አብረዋቸው ይኖራሉ። ለስላሳ ሴት ናቸው፣ ሲናገሩ ጆሮ ማስጠጋት ያስፈልጋል። ቁልፉን ሲሰጡኝ፣ ልጄ ጉንዳን አይረግጥም፣ እህትሽ ታድላለች አሉኝ። ታች ግቢው ውስጥ ደግሞ ዘበኛው መጥረጊያውን ተደግፎ ያን ሲዲ አንቺ ነሽ የቀዳሽው ብሎ አመሰገነኝ። አመሻሽ ላይ ባልና ሚስቱ ወርደው መኪና ውስጥ ቁጭ ብለው ሙዚቃ ይከፍታሉ፣ እሱም ግቢውን የሚጠርገው በዚያ ምት ነው፣ ዘፈኖቹን ሁሉ በቃሉ ይዟቸዋል። ፍቅር እንዲህ ነው አለኝ። መኪናዋ ከውኃ ታንከሩ ጀርባ፣ የጎረቤት መስኮት በማያያት ጥግ ቆማለች።

በተሳፋሪው በኩል ገባሁና በሩን ዘጋሁት። ቁልፉን አዙሬ ቴፑ ላይ ጎንበስ አልኩ። ያኔ ነው ዳሽቦርዱን ያየሁት። በግንባር ልክ ተሰንጥቋል፣ በስንጥቁ ውስጥ ረጅም ጸጉር ተይዟል። የመቀመጫው ቀበቶ ጫፉ ደርቆ ጠንክሯል፤ በጥፍሬ ብፍቀው ቡናማ ነገር ረገፈ፣ ደም ነው። እግሬ ሥር ከነሥሩ የተነጨ አንድ እፍኝ ጸጉር አለ። የእህቴን ጸጉር ልጅ እያለች የጎነጎንኩት እኔ ነኝ፣ አላጣውም። ልወጣ እጄን ወደ በሩ ሰደድኩ። መክፈቻው የለም። ተፈትቶ ተወስዷል፣ የቀረው የብሎኑ ቀዳዳ ብቻ ነው።

ሲዲውን በወረንጦዬ መዝዤ አወጣሁት። ቴፑ ወዲያው ወደ ሬዲዮ ዞረ፤ ድምፁ የመጨረሻው ላይ ነበርና ጆሮዬን ሊበጥሰው ደረሰ። መስታወቱን በጡጫ እየደበደብኩ ዘበኛውን ተጣራሁ። በመስኮቱ አጠገብ ነበር የሚጠርገው፤ ክንዱ መስታወቱን ሊነካው ምንም አልቀረውም። ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም፣ እያፏጨ አለፈ። በሹፌሩ በኩል ተንፏቅቄ ወጣሁ።

እህቴ መጋረጃ ቤት ትሰፋለች። ጎትቼ ወደ ጓዳው አስገባኋትና በተሰቀሉት መጋረጃዎች መሀል ሻሿን ገፈፍኩት። ከጆሮዋ በላይ መዳፍ የሚያክል መላጣ አለ፣ ጆሮዋ ውስጥ ደም ደርቋል። በዚያኛው አትሰማም። ደረጃ፣ ቁም ሣጥን፣ የመታጠቢያ ቤት በር፣ እስካሁን ገጨኝ ያለችኝ ስንት ነገር ነበር። እንባ አልነበራትም፣ እንደ ሥራ ነገር አድርጋ ነገረችኝ። ቤቱ ግድግዳው ስስ ነው፣ ጎረቤት ይሰማል። ስለዚህ ነፋስ እንቀበል ይላታል። ወርደው ይገባሉ፣ በሩን ይከፍትላታል። መጀመሪያ ሙዚቃውን ይከፍታል፣ ከዚያ መነፅሩን አውልቆ ኪሱ ይከታል።

«ዘፈኑ ሲያልቅ እጁን እንዳነሳ ይጠብቃል» አለችኝ። «በዚያች መሀል እተነፍስ ነበር፣ እትዬ። አሁን ግን አያልቅም።»

ልትወቅሰኝ ብላ አልነበረም፤ እሷ መውቀስ የት ታውቃለች። እኔ ግን እጄን ከክንዴ ብቆርጠው ደስ ባለኝ። ለምን አልጮህሽም፣ ለምን ለሰው አልተናገርሽም ብዬ ናጥኳት። ብትናገሪ እትዬሽንም እዚሁ ወንበር ላይ አስቀምጣታለሁ ብሎኛል አለችኝ። ያደርገዋል፣ አታውቂውም አለች።

ፖሊስ ጣቢያ እየጎተትኩ ወሰድኳት፤ ደረጃ ላይ ወድቄ ነው ብላ ቃሏን ሰጠች። ከእነሱ በታች ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረውን ጎረቤት በዘዴ ጠየቅኳት፤ ጨዋው? ብላ ሳቀችብኝ፣ ባሌ የሱን ሩብ በሆነልኝ አለች። ሰው በዓይኑ ካላየ፣ በጆሮው ካልሰማ አያምንም። የሚመታት ደግሞ ጭንቅላቷን ነው፤ ቀጥሎ የምቀበለው ሬሳዋን ነው። ስለዚህ ሱቄን ዘግቼ ኮምፒውተሬ ፊት ተቀመጥኩ።

አዲስ ሲዲ ቀዳሁለት። ሁለት ዘፈን እሱ እንደሚወደው ያለ ስፌት አያያዝኩ። ሦስተኛውን መሀሉ ላይ ቆረጥኩት፣ ከዚያ ወዲያ የሁለት ዘፈን ያህል ባዶ ተውኩ። ቴፑ እየዘፈነ ያለ ይመስለዋል፣ ግን አንዲት ድምፅ አይወጣውም። ጨዋው ሲወስደው እጅዎ ይባረክ አለኝ፤ አሜን አልኩት። እህቴን ለብቻዋ አግኝቼ፣ ሙዚቃው ሲቆም ጩኺ፣ እኔ ታንከሩን ተከልዬ ቆሜያለሁ፣ ግቢው ይሰማሻል አልኳት። አየችኝ እንጂ እሺ አላለችም።

አመሻሹ ላይ ወረዱ። ፀሐይዋ ገና ጣሪያ ላይ ነበረች፣ ከየፎቁ የምድጃ ሽታ ይወርዳል። በሩን ከፈተላት፣ ቀሚሷ እንዳይያዝባት ጫፉን ሰብስቦላት ዘጋው፤ እርግማን ነው ያን ማየት። ሙዚቃው ፈነዳ። ዘበኛውን ጠርቼ አጠገቤ አቁሜዋለሁ። መኪናዋ ጎማዋ ላይ መናወጥ ጀመረች፣ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ፣ ከምቱ ጋር። ዘበኛው አፉን ሸፍኖ ሳቀ፣ ባልና ሚስት ናቸው ምን አገባን አለኝ። ሰውን አንቆ ልግደል የሚያሰኝ ንዴት ምን እንደሆነ ያኔ ነው የተረዳሁት። ጥቁሩ መስታወት ላይ ከውስጥ በኩል የሆነ ነገር ተመታ፣ ተንሸራቶም ወረደ። እኔ የምቆጥረው ሦስተኛው ዘፈን መሀል ላይ እስኪደርስ ነው። በመሀል ሁለቴ ልሮጥ ተነሥቼ ራሴን ገታሁ።

ሙዚቃው ተቆረጠ።

ግቢው ጭር አለ። የውኃው ጠብታ ታንከሩ ሥር ይሰማል። መኪናዋ ቆመች። ጩኺ አልኩ በልቤ፣ ጩኺ እንጂ የኔ እናት። ምንም የለም። ዘበኛው ጆሮውን ቀስሮ ቆየና፣ ይኸው፣ በሰው ትዳር ገብተሽ ልታስወቅሺኝ ነው ብሎ እየተነጫነጨ ወደ በሩ ሄደ። ያኔ ነው የገባኝ። ጨዋው እጁን እንዳነሳ ዘፈኑን እየጠበቀ ነው፤ እሷ ደግሞ እንደለመደችው እየተነፈሰች ነው። ልትጮህ አልነበረም። ብትጮህ ተረኛዋ እኔ ነኛ።

ከታንከሩ ሥር ድንጋይ አንሥቼ ሮጥኩ፣ በሙሉ ክንዴ የእሷን መስኮት መታሁት። ላስቲኩ ይዞት ስለነበር ወዲያው አልፈረሰም፤ ደግሜ ደግሜ ስመታው ወደ ውስጥ ተገነጠለ። ፊቷን አየሁት። አንድ ዓይኗ ተደፍኗል፣ ከንፈሯ ለሁለት ተከፍሏል። እጄን ሰድጄ ብብቷን ልይዝ ስል እሱ በወዲያኛው በር ወጥቶ ዞሮ መጣ። አልሮጠም። ዞር ብሎ ግቢውን አየ፣ ማንም የለም። ከዚያ ጸጉሬን በሁለት እጁ ጠቅልሎ ያዘና ፊቴን ከሞተሩ ክዳን ጋር አጋጨው። አፍንጫዬ ሲሰበር ሰማሁት። ሁለተኛው ሲመጣ ጥርሴ ምላሴን ቆረጠው። ልጮህ ብል ደም ነው የሚወጣኝ። ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ በዚያ ለአሮጊቶች መነፅር በሚያጠልቅበት ድምፅ ተናገረኝ።

«ዝም ይበሉ፣ እትዬ። አሁን ያልቃል።»

ሦስተኛውን መታኝ። ከዚያ በኋላ እጁ ወደ ጉሮሮዬ ሄደ፣ ሰማዩ ጠቆረብኝ።

«ኡኡ! እህቴን ገደላት! ኡኡ! የሰው ያለህ፣ እህቴን ገደላት!»

ያን ድምፅ መጀመሪያ አላወቅኩትም። እህቴ በተሰበረው መስኮት እስከ ወገቧ ወጥታለች፣ መስታወቱ ሆዷን እየቆረጣት ነው፣ እሷ ግን የምትጮኸው ለእኔ ነው። ስለ ራሷ አንድ ቀን ትንፍሽ ሳትል የከረመች ልጅ ለእኔ ግቢውን አናወጠችው። እየታነቅኩ እንባዬ መጣ። እወዳታለሁ፤ በዚያች ሰዓት እንደወደድኳት ሰው ወድጄ አላውቅም።

በሮች ተበረገዱ። በነጠላ ጫማ፣ በፎጣ፣ ማማሰያ እንደያዙ ወረዱ። እጁ ጉሮሮዬ ላይ እንዳለ ደረሱበት። ዘበኛው ነው መጀመሪያ የመታው፣ በመጥረጊያው እንጨት ክርኑ ላይ። ከዚያ ማን እንደመታው አይታወቅም። ያቺ የሳቀችብኝ ጎረቤት በጫማዋ ፊቱን ስትጠፈጥፈው አይቻለሁ። አጥንቱ ሲንኳኳ ሰማሁ፣ አላዘንኩም፣ ዛሬም አላዝንም። ግቢው አሸዋ ላይ አስተኝተው በላዩ ላይ ተቀመጡበት። እህቴን ሁለት ሴቶች ከመስኮቱ አወጧት። መሬት ላይ ቆማም ጩኸቷን አላቆመችም፤ ዓመቱን ሙሉ የተጠራቀመው ነው የሚወጣው።

ከላይ እናቱ በመስኮት ብቅ አለች። አንቱታዬን ከዚያች ቀን ጀምሮ ከሷ ላይ አንሥቻለሁ። ልጄን ማን መታው አላለችም፣ ምን ተፈጠረም አላለችም። የምታየው እህቴን ብቻ ነው።

«በቃሽ እንጂ ልጄ» አለች በዚያች ለስላሳ ድምፅዋ። «ሰው ይሰማል እኮ።»

ግቢው በሙሉ ቀና ብሎ አያት። ለካ ያን ሁሉ አመሻሽ እዚያ መስኮት ላይ ቆማ እያየች ነው የኖረችው። ሙዚቃው እሷን አላታለላትም። ልመልስላት ፈለግኩ፣ ምላሴ አፌ ውስጥ አብጦ አልንቀሳቀስ አለኝ። እህቴ ግን በቀረችው ዓይኗ ቀና ብላ አየቻት። ከንፈሯን በእጇ ጀርባ ጠረገች፣ አየር ሳበች፣ ደግማ ጮኸች።