በኦንዲና በኩል ያለው በር

ሚልተን ኤቼቬሪ ከሚስቱ ቀጥሎ የሚወደው ነገር ቢኖር ባለ ሁለት ወንበር ቀይ ክፍት መኪናው ነበረች። ክፋቱ፣ ሚስቱና መኪናው ከተኳረፉ አሥራ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል።

ጥፋቱ የመኪናዋ ነው። ከሚኖሩባት ከሚናስ ከተማ ወደ ባሕሩ ሲወርዱ፣ ኮረብታው አልቆ መንገዱ በሚጠመዘዝበት ቦታ፣ በሚስቱ በኦንዲና በኩል ያለው በር ብርግድ አለ። ኦንዲና የፊት መስታወቱን ጠርዝ አንቃ ይዛ ተረፈች። ጭኗ ላይ የነበረው የተጠበሰ ዶሮ ግን ከነድስቱ ገደል ገባ። እሷም መኪናዋ እንደቆመች ወርዳ፣ ቀሚሷን አራግፋ፣ "ከዛሬ ጀምሮ እኔ የአውቶቡስ ሰው ነኝ" አለች። ያለችውም አልቀረም። በየዓመቱ የጋብቻቸውን ቀን ባሕር ዳር ባለችው ላ ፓሎማ ለማክበር ሲሄዱ እሷ በአውቶቡስ፣ እሱ ደግሞ በቀይዋ መኪና ከኋላ ከኋላ ነው። እሷ ከኋላ ወንበር ዞራ እጇን ታውለበልብለታለች፤ እሱ ጡሩምባ ይነፋላታል። ተሳፋሪው በሳቅ ይሞታል። ሚልተንም ይስቃል፤ ጎኑ ያለውን ባዶ ወንበር ሲያይ ግን ሳቁን ያቋርጣል።

ነገ እሑድ ከተጋቡ አርባ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ኦንዲና አንድ ቃል ሰጥታዋለች፦ በሩን በአንድ ጣቷ መዝጋት ከቻለች አብራው ትሄዳለች። ካልቻለች አውቶቡሱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይነሣል።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ማዶ የብረት መቅረጫ ቶርኖ ቤት ያለው ጎረቤታቸው ዊልደር ፔርሙዙን በብብቱ ሸጉጦ፣ ማቴ የሚባለውን የቅጠል ሻይ የሚጠጣበትን ቅሉን ይዞ ከተፍ አለ። መጥቶም እንደ ልማዱ የተከፈተው የመኪናዋ በር ላይ ክርኑን ጣል አደረገ። ሚልተን በሌላው ጫፍ ተደገፈ። ሁለቱ ሰዎች ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማቴ የሚጠጡት እንዲህ ነው። ቅሉ በበሩ አናት ላይ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፣ የአገሩ ወሬም አብሮት።

"መቆለፊያውን ልቀይረው ነው" አለ ሚልተን።

"ሦስቴ ቀይረኸው ምን ፈየደልህ? በሩ እኮ ወርዷል፣ ወዳጄ። ማጠፊያውን እንየው።"

"እናንተ ናችሁ ያወረዳችሁት" አለች ኦንዲና ከወጥ ቤቱ መስኮት። "ስትንጠለጠሉበት ትውላላችሁ። ስንቴ ልናገር?"

"ኦንዲናዬ፣ ብረት እኮ ነው። ክርን ብረት ይበላል እንዴ?" አለ ሚልተን።

"ያንተ ክርን ብቻውን መቼ ይመጣል? ሆድህን አስከትሎ ነው።"

ዊልደር የጠጣው ማቴ ትን አለው። ሚልተን ጀርባውን እየመታለት ክሪኩን ፍለጋ ገባ።

ከበሩ ሥር ክሪክ፣ ከክሪኩ ላይ እንጨት፣ ከእንጨቱ ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ አደረጉ፤ ቀለሙ እንዳይጫር። ማጠፊያዎቹ የነበሩበትን ቦታ ዙሪያውን በእርሳስ ምልክት አድርገው ቡሎኖቹን ፈቱ። የላይኛው ማጠፊያ ፒን አልወጣም ብሎ አስቸገረ። ዘይት አጠጡት፣ አባበሉት፣ ሰደቡት፤ በመጨረሻ ዊልደር በመዶሻ ሦስቴ ሲለው ተስፈንጥሮ ወጣ።

ዊልደር ፒኑን መዳፉ ላይ አገላበጠው። ቀጥ ያለ መሆን የነበረበት ብረት መሃሉ ተበልቶ ወገብ አውጥቷል። የሚገባበት ቀዳዳም ክብነቱ ቀርቶ እንቁላል መስሏል።

"መንገድ እንዲህ አይበላም" አለ ዊልደር ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ቁልቁል ሲጎተት የኖረ ነገር ነው። ሚልተን፣ ይሄ የእኛ ሥራ ነው።"

ሚልተን ፒኑን ተቀብሎ ወጥ ቤት ገባ። ኦንዲና ሽንኩርት ትከትፋለች። ፒኑን ከመክተፊያው አጠገብ አስቀመጠው።

"ልክ ነበርሽ።"

"አልሰማሁህም።"

"ልክ ነበርሽ አልኩሽ።"

"አንዴ ድገመው፤ ዊልደርም ይስማ።"

ጮክ ብሎ ደገመው። አሥራ ሁለት ዓመት የዘለቀ ግትርነት በሁለት ቃል አለቀ። ሚልተን ደስ እያለው ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ይሄን ያህል ቀላል መሆኑን ቢያውቅ ቀደም ብሎ ያደርገው ነበር።

ዊልደር ቀዳዳዎቹን ሰፋ አድርጎ መልሶ ክብ አደረጋቸው፤ የነሐስ ቀለበት ጠርቦ ገጠመላቸው፤ ለእነሱ ልክ የሚሆን አዲስ ፒን በቶርኖው አወጣ። ከሰዓት በኋላ በሩን በእርሳሱ ምልክት ላይ መልሰው አሰሩት። ኦንዲና እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች።

"እስቲ ላሳይሽ" አለ ሚልተን። በሩን በእጁ ብድግ፣ በጉልበቱ ገፋ አደረገው። በሩ ከቋሚው ጋር ተላትሞ ተመለሰ። ደገመው፤ ያው ነው። ፊቱ አመድ መሰለ፤ ነገም ከአውቶቡሱ ኋላ ሊነዳ ነው።

ዊልደር ሳቁን መያዝ አቃተው። "ለምንድነው የምታነሣው? አሁንም የወረደ በር መሰለህ? ልማድህን ነው ያልጠገንነው።"

"ዞር በል" አለች ኦንዲና። ትንሿን ጣቷን በሩ ላይ አድርጋ ገፋ አደረገችው። ቀጭ ብሎ ተዘጋ። ከፍታ ደገመችው፤ ሦስተኛ ጊዜም፤ ይሄኛው ለፈተና ሳይሆን ደስ ስላላት ነው።

ዊልደር ፔርሙዙን አንሥቶ፣ እንደገና ወደተከፈተው በር ክርኑን ሲዘረጋ ኦንዲና ቀድማ አግዳሚ ወንበር ጎትታ አቀረበችለት። "ከአሁን በኋላ ማቴ ተቀምጦ ነው የሚጠጣው። ሁለታችሁም።" እንደታዘዙት ተቀመጡ።

በማግስቱ ሚልተን ጓዟን ሊጭን ገባ። የጉዞ ቦርሳዋ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ሥር ነበር፤ ላዩ ላይ ዱቄት በኖበታል።

"መቼ ነው ያዘጋጀሽው?"

"ሐሙስ።"

ሐሙስ በሩ ገና አልተነካም ነበር። ሚልተን ዚፑን ከፈተው። ከዋና ልብሷ በላይ፣ በጥንቃቄ የተጠቀለለ የልብስ ማስጫ ገመድ አለ።

"ይሄስ?"

"በሩ እንቢ ካለ ላስረው ነበር" አለች ኦንዲና ባርኔጣዋን እያደረገች። "ብቻህን ከኋላ ስትከተለኝ ማየት ሰለቸኝ።"

ሚልተን ገመዱን ቦታው መልሶ ቦርሳውን አንጠለጠለና ተከትሏት ወጣ። እሷ ገብታ ተቀመጠች፤ በሩን በትንሿ ጣቷ ዘጋችው።

ኮረብታው ላይ አውቶቡሱን ሲያልፉት ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት ተንጠራርቶ አጨበጨበ። ኦንዲና እጇን አውለበለበች፤ ጡሩምባውንም የነፋችው እሷ ነች።