ዳይሬክተሩና ቁም ሳጥኑ

ሰኞ ጠዋት የሦስተኛ ክፍል አስተማሪዋ የሳምንቱን የትምህርት እቅድ ይዛ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባች። የመጀመሪያ ዓመቷ ነው፤ የሙከራ ጊዜዋም ገና አላለቀም። ስለዚህ ዳይሬክተሩን ሰው የጥርስ ሐኪም እንደሚፈራው ትፈራቸዋለች፤ ባታያቸው ደስ ይላታል፣ ካየቻቸው ግን አፏን ከፍታ ትጠብቃለች።

ዳይሬክተሩ ትከሻቸው አራት ማዕዘን፣ አንገታቸው ለስሙ ያህል የተቀመጠ፣ ድምፃቸው ከደወሉ ቀድሞ የሚሰማ ሰው ናቸው። እቅድ ሲያርሙ ስህተት ባያገኙ እንኳ አንድ ነጠላ ሰረዝ በቀይ ሳይጨምሩ አይመልሱም። ጠዋት ጠዋት ተማሪው ተሰልፎ ሳለ ደግሞ ያቺኑ አንዲት ንግግር ያደርጋሉ፦ «እኔ በተማሪነት ዘመኔ አንድም ቀን የቤት ሥራ ሳልዘል፣ አንድም ቀን ከክፍል ሳልጠፋ ነው ለዚህ የበቃሁት!» ልጆቹ ከሌላው ትምህርት ሁሉ ይልቅ ይህችን በቃላቸው ይዘዋታል። ኋላ የሚሰለፉትማ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አብረዋቸው ይሏታል።

ዳይሬክተሩ የቋንቋውን የቤት ሥራ ጮክ ብለው አነበቡ። «‹አንድ አዛውንት በእናንተ ዕድሜ ሳሉ ትምህርት ቤት እንዴት እንደነበር ጠይቃችሁ ጻፉ። ዓርብ በክፍል ይነበባል።› ግሩም! የድሮ ተማሪ ምን ዓይነት ጨዋ እንደነበር ይስሙ። ዓርብ ሱፐርቫይዘሯ ይመጣሉ፤ በቀጥታ ይዣቸው አንቺ ክፍል ነው የምገባው።»

አስተማሪዋ «እሺ» አለች። ሆዷ ግን እሺ አላለም። እንግዳ የሚመጣው በሒሳብ ቀን ቢሆን ትመርጥ ነበር። ሁለትና ሁለት አራት ነው፤ ማንንም አያሳፍርም። የአዛውንትን አፍ ግን ማን ያውቀዋል?

የቤት ሥራውን ሰሌዳው ላይ እንደጻፈች እጆች ተነሡ።

«ቲቸር፣ እኛ ቤት አዛውንት የለም» አለ ፊት የሚቀመጠው፣ ፍርድልቅ የሚሉት ልጅ። «አባቴ ብቻ ነው ያለው። ራሰ በራ ነው፣ ይሆናል?»

«ይሆናል።»

ከመስኮቱ ሥር ደግሞ «ለምን» እጇን አነሣች። ስሟ ሌላ ነው፤ ግን አፏን በከፈተች ቁጥር ከዚያ ቃል ስለምትጀምር እንደ ሆነ እንጃ፣ ከእሱ ውጪ የሚጠራት የለም። በዚህ ዓመት ነው ከአያቷ ጋር ልትኖር ወደ ሰፈሩ የመጣችው።

«አያቴ የምትነግረኝን ሁሉ ልጻፍ?»

«ሁሉንም።»

«ሁሉንም ሁሉንም?»

«እውነት ከሆነ ምን ያስፈራሻል? ጻፊዋ።»

አስተማሪዋ ይህችን ዓረፍተ ነገር በኋላ መልሳ ልትውጣት ብዙ ጊዜ ተመኝታለች።

ዓርብ ዳይሬክተሩ ሱፐርቫይዘሯን አስከትለው ገቡና ከኋላ የልጆች ዴስክ ላይ ተቀመጡ። ሱፐርቫይዘሯ ቀጭን ስለሆኑ ችግር የለባቸውም። የዳይሬክተሩ ጉልበት ግን ሽቅብ ወጥቶ ከአገጫቸው ጋር ሰላምታ ተለዋወጠ።

ንባቡ ተጀመረ። የመጀመሪያዋ ልጅ አያት ከክፍላቸው አንደኛ ነበሩ። የሁለተኛው ልጅ አያትም አንደኛ። የሦስተኛዋ ታላቅ አክስት አንደኛ፣ ያውም በሁሉም ትምህርት። ይህን የሰማ ሰው በዚያ ዘመን ሁለተኛ የሚባል ደረጃ ገና አልተፈጠረም ነበር ሊል ይችላል። ዳይሬክተሩ በየመሀሉ ወደ ሱፐርቫይዘሯ ዘንበል እያሉ «አዩልኝ?» ይላሉ። ፍርድልቅ ተነሥቶ «አባቴ ከክፍሉ አንደኛ ነበር፤ እናቴ ግን ስትሰማ ሳቀች» ብሎ ተቀመጠ።

ቀጥሎ «ለምን» ወጣች። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አያቴ የተማረችው እዚሁ ትምህርት ቤት ነው። አስተማሪያቸው ማባዣ በቃሉ ያልያዘ ልጅ ካገኙ ሰሌዳው ፊት ገትረው ያቆሙት ነበር። ከአያቴ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጥ ልጅ የስድስት ማባዣ አልገባ አለው። አንድ ቀን አስተማሪው ሳይገቡ ካርታ የሚቀመጥበት ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቶ ተደበቀ። እዚያው እንቅልፍ ወሰደው። ዘበኛው ሳያውቅ ቆለፈበት። ሰፈሩ ሁሉ ሲፈልገው አደረ፤ እናቱ ጉድጓድ ለጉድጓድ ስሙን ስትጣራ አደረች። በነጋታው አስተማሪው ካርታ ሊያወጡ ቢከፍቱት ልጁ ተንከባሎ እግራቸው ሥር ወደቀ። የዓለም ካርታውን ተጠቅልሎበት ነበር። ካርታውም ረጥቦ ነበር። አያቴ ‹አንድ ውቅያኖስ ጨምሮበታል› ብላለች።»

ክፍሉ ከዳር እስከ ዳር ሳቀ። ሱፐርቫይዘሯም ሳቁ። የዳይሬክተሩ ጆሮ ግን እንደ ቲማቲም ቀልቷል። አስተማሪዋ ጆሯቸውን አየች። አንድ ነገር ጠረጠረችና «ጎበዝ፣ በቃ፣ ተቀመጪ» አለች።

«አንድ መስመር ቀርቶኛል» አለች «ለምን»። «‹ከዚያን ቀን ጀምሮ የልጁ ስም ቁም ሳጥን ሆነ። ቁም ሳጥን አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል። የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ነው።› ጨረስኩ።»

ጸጥ አለ። ያ ጸጥታ ለጥቂት ጊዜ እንኳ ቢቆይ ምናልባት ሁሉም ነገር በሰላም ያልፍ ነበር። ነገር ግን ሳቅ አፍ ሲዘጉበት በአፍንጫ ይወጣል፤ የአስተማሪዋም በአፍንጫዋ ወጣ፣ ያውም እንደ ፈረስ። ከዚያ ወዲያ ክፍሉን ማን ይያዘው! ሱፐርቫይዘሯ የያዙትን ዶሴ ፊታቸው ላይ ከደኑ፤ ዶሴው ይንቀጠቀጣል።

ዳይሬክተሩ ከዴስኩ ጋር ታግለው ተነሡ። «ነጭ ውሸት! እኔ በሕይወቴ ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቼ አላውቅም!»

ፍርድልቅ ጓደኛውን «አሁንማ በየት በኩል ይገባሉ?» አለው። ሹክ ያለ መስሎት ነው።

እንግዳዋ ከተሸኙ በኋላ አስተማሪዋ ቢሮ ተጠራች።

«ሳቅሽ» አሉ ዳይሬክተሩ።

«አልሳቅኩም። አስነጥሶኝ ነው።»

«እንደዚያ ተደርጎ ይነጠሳል?»

«ጉንፋን ይዞኛል።»

«ሰኞ ልጅቷ አያቷን ይዛ ትምጣ። ይቅርታ ካልጠየቁ ክፍል አትገባም። ውጤቷንም ዜሮ አድርጊው።»

«አሥር ሰጥቻታለሁ እኮ።»

«አሥር ውስጥ ዜሮ አለልሽ። አንዱን ሰርዢው።»

ቅዳሜና እሁድ አስተማሪዋ ያችን ወረቀት ከቦርሳዋ እያወጣች መልሳ ስትከት ሰነበተች። የልጅቷ ፊደል ልቅም ያለ ነው፤ አራት ነጥቡ እንኳ በየቦታው ተቀምጧል። እውነቱን ጻፊ ያለቻት ራሷ ናት። የአስተማሪዋ እናት ጉዳዩን ሰምተው «ልጄ፣ የሰው ቁም ሳጥን ምን አገባሽ? አፍሽን ዝጊና ደመወዝሽን ብዪ» አሏት። ምክሩ መጥፎ አልነበረም። እጇ ግን አልታዘዝ አላት፤ አሥሩ እንዳለ ቀረ። ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ ሌላ ቦታ የማመልከቻ ደብዳቤ እንዴት እንደሚጀመር እያሰበች ነበር።

አያትየዋ በደወሉ ሰዓት ደረሱ። አጭር፣ ፈጣን፣ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሴት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በሌላ ከተማ አዋላጅ ነርስ ሆነው ሠርተው ከጊዜው ቀድመው ጡረታ ሲወጡ ነው ወደ ልጅነት ሰፈራቸው የተመለሱት። ያንን ሁሉ ሰው ሲወለድ እግሩን ይዘው የዘቀዘቁ ሴት፣ ባለ ሥልጣን ቢያዩ ምን ይደነግጣሉ?

«እማማ፣ ይቀመጡ» አሉ ዳይሬክተሩ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ።

«ማንን ነው እማማ የምትለው?» አሉ አያትየዋ። «በዕድሜ እኮ ትበልጠኛለህ! ሁለተኛ ክፍልን ደግመህ አይደል እንዴ እኔ ዴስክ ላይ የተቀመጥከው?»

አስተማሪዋ በሩን ልትዘጋ ተጣደፈች። በሩ ተዘጋ፤ መስኮቱ ግን ክፍት ነበር፣ ከመስኮቱ ማዶ ደግሞ የሦስተኛ ክፍል ልጆች ግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብለዋል።

«ወይዘሮ፣ ይህ ቢሮ መሆኑን አይርሱ።»

«አይቻለሁ። ከፊተኛው ይሰፋል።»

ዳይሬክተሩ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱ። «የልጅ ልጅዎ በሱፐርቫይዘር ፊት ስሜን አጥፍታለች! የጻፈችው ውሸት ነው!»

«የቱ ነው ውሸቱ?»

«ሁሉም!»

«ቁም ሳጥኑ?»

«ውሸት!»

«ውቅያኖሱስ?»

«የባሰ ውሸት!»

«የስድስት ማባዣ አለማወቅህ?»

«እሱማ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው! ስድስትን እንደ ውሃ ነበር የምጠጣው! እኔን ያቃተኝ የሰባት ነው!»

ቃሉ ከአፋቸው ወጣ። ዳይሬክተሩ በአየር ላይ ይዘው የሚመልሱት ይመስል እጃቸውን ዘረጉ፤ ግን ምን ዋጋ አለው፣ በመስኮት ወጥቶ ሄዷል።

«የሰባት ነው እንዴ?» አሉ አያትየዋ፣ የምር ተገርመው። «ተመልከት እንግዲህ፣ ዕድሜ እኮ መጥፎ ነው። እኔ ስድስት ነው ብዬ ነው የነገርኳት። ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ አድርግልኝ።» ከዚያ ወደ አስተማሪዋ ዞሩ። «ይቅርታ ጠይቂ ነው የተባልኩት አይደል? ይኸው ጠየቅኩ። ልጅቷ ክፍል ትግባ?»

አስተማሪዋ ዳይሬክተሩን አየች። ዳይሬክተሩ ጣሪያውን።

«ለመሆኑ አሁንስ ያዝከው?» አሉ አያትየዋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንደ በሽተኛ ጠያቂ።

«ምኑን?»

«የሰባትን። ሰባት ጊዜ ስምንት?»

«ይህ ለቢሮ የሚሆን ጥያቄ አይደለም።»

«ሰባት ጊዜ ስምንት?»

ዳይሬክተሩ በልባቸው መቁጠር ጀመሩ። ከጠረጴዛው ሥር ጣታቸው ሲንቀሳቀስ አስተማሪዋ በግልጽ ታየዋለች። ልትነግራቸው ፈልጋ ከንፈሯን ስትነክስ መስኮቱ ቀደማት።

«ሃምሳ ስድስት!» አለ ሦስተኛ ክፍል፣ ባንድ ድምፅ።

አስተማሪዋ ሳቀች። በዚህኛው ጊዜ ጉንፋን አላሳበበችም፤ ግድግዳ ተደግፋ ዕንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ስትጨርስ ያለ ሥራ መቅረቷን እርግጠኛ ሆና እጇን አጣምራ ቆመች።

ዳይሬክተሩ ግን አስተማሪዋ ይዛው የመጣችውን የ«ለምን»ን ወረቀት ከእጇ ተቀበሉ፤ ቀዩን እስክሪብቶ አወጡ፤ «ስድስት» የሚለውን ሰርዘው በላዩ «ሰባት» ብለው ጻፉ። አሥሩንም ዘጠኝ አደረጉት።

«የመረጃ ስህተት አለበት» አሉ። «አንድ ነጥብ ተቀንሷል።»

«ስህተቱ የኔ ነው፣ የልጅቷን ለምን ትቀንሳለህ?» አሉ አያትየዋ።

«ማጣራት ነበረባታ!»

«ከማን ታጣራ?»

«ከእኔ!» ብለው ጮኹ ዳይሬክተሩ። ከዚያም ያሉት ነገር ለራሳቸው ሲገባቸው ወንበራቸው ላይ ተለጠጡ፤ ትከሻቸው መነቅነቅ ጀመረ። አስተማሪዋ መጀመሪያ ሐኪም ልትጠራ አስባ ነበር። ሰውዬው መሳቅ የረሱት ከብዙ ጊዜ በፊት ስለሆነ ድምፁ ሞተሩ አልነሣ ያለ መኪና ይመስላል፤ አንዴ ከተነሣ በኋላ ግን አልቆም አለ። አያትየዋም ወንበር ሳቡና «እናትህ ያን ሌሊት እንዴት እንደጮኹ ታስታውሳለህ?» ብለው ጀመሩ። አስተማሪዋ ቀስ ብላ ወጥታ በሩን ዘጋችላቸው።

ከሥራ አልተባረረችም። የሙከራ ጊዜ መመዘኛዋ ሲመጣ ጥንካሬ በሚለው ሥር «ተማሪዎቿ አይፈሩም»፣ ድክመት በሚለው ሥር ደግሞ «ጉንፋን ይበዛባታል» ተብሎ ተጽፎ አገኘችው። ዳይሬክተሩ የጠዋቱን ንግግር ለሁለት ቀን ተዉት፤ በሦስተኛው ቀን አላስችል ብሏቸው «እኔ በተማሪነት ዘመኔ አንድም ቀን...» ብለው ጀመሩና ከሰልፉ መሀል የተነሣውን ሳል ሲሰሙ «...ለማንኛውም የቤት ሥራችሁን ሥሩ» ብለው ጨረሱት። ልጆቹ ከኋላቸው ቁም ሳጥን ይሏቸዋል። እሳቸውም ይሰማሉ፤ አንዳንዴ ዞር ይላሉ፣ አንዳንዴ አይዞሩም።

በሰላም ያልተዘጋ አንድ ጉዳይ ቢኖር የተቀነሰው ነጥብ ነው። «ለምን» ስለ እሱ አስተማሪዋን ጠዋትም ቀትርም ስትነዘንዛት ሰነበተች። በመጨረሻ «የቀነሱት እሳቸው ናቸው፣ ሄደሽ እሳቸውን ጠይቂ» አለቻት። ልጅቷ በዕረፍት ሰዓት ቀጥ ብላ ቢሮ ገባች። ደወል ተደውሎ ሁሉም ቦታ ቦታውን ከያዘ በኋላ ነው የተመለሰችው።

«መለሱልሽ?» አለች አስተማሪዋ።

«አልመለሱልኝም። ግን ተወራረድን። የሰባትን እስከ መጨረሻው በቃላቸው ካሉልኝ ዘጠኙ ይጸናል፤ ካቃታቸው አሥር ይሆናል።»

«እና?»

«እስከ ሰባት ጊዜ ዘጠኝ ደርሰው ደወል ተደወለ። ለነገ ቀጥረውኛል» አለች «ለምን»፣ ቦታዋ ሄዳ እየተቀመጠች። «ቲቸር፣ ግን ለምንድን ነው ትልልቅ ሰዎች ሲያጠኑ በር የሚቆልፉት?»

አስተማሪዋ ወደ ሰሌዳው ዞራ የዕለቱን ትምህርት ቀጠለች።