እስኪለምኗት ድረስ

ነጂባ ባሕር ልታጠና ሲያትል ከገባች ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ባሕር ውስጥ እግሯን አልነከረችም። ሳቁ ካላችሁ ሳቁ፤ ነገሩ ግን እውነት ነው። ጠዋት ከኦቴሎ ጣቢያ ባቡር ትሳፈራለች። ባቡሩ ትንሽ በመንገዱ መሐል ይሄድና ዋሻ ውስጥ ይገባል። ዩኒቨርሲቲው ጋ ስትወርድ ከመሬት በታች ነች። ወጥታ ያንን ግራጫ ሰማይ አንዴ ቀና ብላ ታይና መልሳ ወደ ቤተ ሙከራው ምድር ቤት ትወርዳለች። መስኮት የሚባል የለውም። ማታ ደግሞ የአጎቷ ቤት ምድር ቤት ይጠብቃታል። ፍልፈል እንኳ ከሷ የተሻለ ፀሐይ ያያል።

ሥራዋ ኦይስተር ከምትባል ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ ጋር ነው። የባሕሩ ውሃ እየኮመጠጠ ሲሄድ የኦይስተር እጮች ዛጎላቸውን መሥራት ያቅታቸዋል። ነጂባ የገንዳዎቹን ውሃ እየቀየረች፣ እጮቹን እየመገበች፣ ማን ዛጎል እንደሠራና ማን እንደቀረ በማይክሮስኮፕ ታያለች። ባሕሩን የምታውቀው በቧንቧ የሚመጣላትን ያህል ብቻ ነው።

«ለመሆኑ ይቺ ነገር ትበላለች?» ብሎ ነበር አጎቷ በድሩ የመጀመሪያ ሰሞን።

«ፈረንጅ ይበላታል፣ ጋሼ።»

«ከነሕይወቷ?»

«አንዳንዴ።»

«አስተግፊሩላህ! አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል አሉ። ነይ እባክሽ፣ ይሄን በርበሬ መደርደሪያው ላይ አድርጊልኝ።»

በድሩ ኦቴሎ ጣቢያው አጠገብ ሱቅ አለው። ከወራቤ እዚህ ድረስ ያመጣት፣ ያስጠለላት፣ ያበላት እሱ ነው። ታዲያ ከትምህርት መልስ ሱቅ ቆማ ብታግዘው ምን ይገርማል? ማንም አላስገደዳትም። ችግሩም ይኸው ነው፤ ቢያስገድዷት ኖሮ እምቢ ትል ነበር።

አሁን ወደ ጉዱ ልግባ። በማርች መጨረሻ አካባቢ መምህርቷ ዶክተር ካረን ቢሮዋ ጠራቻት። ካረን ጥሩ ሰው ናት፤ ሆዷ ውስጥ ያለውን አፏ ላይ የምታገኙት ዓይነት ሰው። «ዶክተር አትበይኝ፣ ካረን በይኝ» ብላ ብላ ሰልችቷት ትታዋለች።

«ጁላይ ላይ የምርምር መርከቡ ወደ ሰሜን ይወጣል። አንድ አልጋ አለኝ። መሄድ ትፈልጊያለሽ?»

ከመርከቡ የራሷን ናሙና ይዛ የተመለሰች ተማሪ ወደ ፒ ኤች ዲው ትሻገራለች። ያልሄደች ማስተርሷን ጨርሳ በኦገስት ትሰናበታለች፤ ቪዛዋም አብሮ ያበቃል። ይሄን ነጂባም ታውቃለች፣ ካረንም ታውቃለች። ስትመኘው የከረመችው ነገር እነሆ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠላት።

ምን ብትል ጥሩ ነው?

«ኧረ አይሆንም ዶክተር! እነ ታይለር እያሉ እኔ? ገንዳዎቹንስ ማን ያያል?»

ምን ታድርግ፤ ያደገችበት ነው። ሰው ቤት ገብተሽ ምሳ ቅረቢ ሲሉሽ «አሁን በልቼ መጣሁ» ነው የሚባለው። አንጀትሽ እየጮኸም ቢሆን። ከዚያ «በአላህ!» ይሉሻል፣ «ትንሽ ብቻ» ትያለሽ፣ «ወላሂ ሳትቀምሺ አትሄጂም» ይሉሻል፣ በሦስተኛው እጅሽን ትታጠቢያለሽ። መጀመሪያ ሲጠሯት ዘላ ማዕድ ላይ የወጣች ልጅ ስሟ ምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እናም ነጂባ አንገቷን ሰበር አድርጋ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቀች።

«ኦኬ» አለች ካረን። «ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ።» ፊቷን ወደ ኮምፒውተሯ መለሰች።

በቃ። ይሄው ነው።

ነጂባ ኮሪደሩ ላይ ትንሽ ቆመች። ትጠራኛለች ብላ ነው። ቆይታ ቆይታ ወደ ምድር ቤቷ ወረደች። በማግስቱ አልጋው አብሯት የሚማረው የታይለር መሆኑን ራሱ ታይለር ነገራት። «እኔ እንኳ የኦክቶበሩን ጉዞ ነበር የምመርጠው» አለ ቡናውን እየጠጣ። «ግን ለጁላዩ ማንም ፍላጎት የለውም አሉኝ፣ ሶ እሺ አልኩ።» ማንም! ለሷ ኦክቶበር ማለት ሁሉ ነገር ያለቀበት ጊዜ ነው። ፊቷን ገንዳው ላይ ደፍታ አለቀሰች፤ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ጨዋማ እንባ ማን ያየዋል።

ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። ልናገር ብላ ሁለት ሦስቴ ካረን ቢሮ ሄዳለች። «መርከቡ ትልቅ ነው?» ብላ ጠየቀች አንዴ። ካረን ደስ ብሏት የመርከቡን ፎቶ አሳየቻት። «አልጋዎቹ ሞልተዋል ማለት ነው?» አለች ሌላ ጊዜ። «አዎ፣ ሞልተዋል» ተባለች። አገር ቤት ቢሆን በዚህች ብቻ ስንት ሰው ነገሩ ይገባው ነበር!

እንዲህ ሆና ሳለ ነው በድሩ እራት ላይ ያነሳው።

«ነጂባ፣ ጁላይ ላይ እኔና ቢልቂስ ወራቤ ደርሰን ብንመጣ ምን ይመስልሻል? ሱቁን ትይዢልናለሽ።»

በድሩ እናቱን ካያት ዓመታት አልፈዋል። በየዓመቱ ልሂድ ይላል፣ በየዓመቱ ሱቁ ይይዘዋል። አንዴ ፍሪጁ ይበላሻል፣ አንዴ ሠራተኛው ይለቃል። እሱም የታሰረ ሰው ነው፤ ሰንሰለቱን ጠዋት ጠዋት በገዛ ቁልፉ ይከፍተዋል፣ ማታ ይቆልፈዋል። ሰሞኑን ደግሞ አሮጊቷ በስልክ ድምፅ ትልካለች። «ልጄ፣ ዓይኔ ሳይጠፋ ና» ትለዋለች። እሱ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት እየደጋገመ ያደምጠዋል።

«የመመረቂያ ጽሑፌ እንዳይከብደኝ እንጂ...» አለች ነጂባ። ይሄ በአማርኛ እምቢታ ነው፤ የጨዋ ልጅ እምቢታ።

«አንቺ ጎበዝ አይደለሽ! ምን ይከብድሻል?» አለ በድሩ። ሚስቱ ቢልቂስም «አላህ ይስጥሽ የኔ ልጅ» ብላ ግንባሯን ሳመቻት።

«ኢንሻአላህ» አለች ነጂባ። በሳምንቱ ትኬት ተቆረጠ። ሳሎኑ ጥግ አንድ ትልቅ ሻንጣ ተከፈተ፤ ለአሮጊቷ ለስላሳ ጫማ፣ ብርድ ልብስ፣ የዓይን ጠብታ ይከመርበት ጀመር። ነጂባ በዚያ ሻንጣ አጠገብ ባለፈች ቁጥር ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ትምህርት ቤት እሺታዋን የሚሰማ የለም፤ ቤት ደግሞ እምቢታዋን የሚሰማ የለም። በየት በኩል ትውጣ?

አረፋ ደረሰ። በድሩ ፌደራል ዌይ ከተማ ካሉ ዘመዶች ጋር ሆኖ እርሻ ድረስ ሄዶ ሰንጋ አሳርዶ ተቃርጦ መጣ። «አስተማሪሽን ጥሪያት» አለ። «የሰው ልጅ አደራ ተቀብላ እያስተማረች፣ ደጃችንን ሳታውቅ?» ነጂባ ፈርታም ቢሆን ጠራቻት። ካረን ደግሞ የመጣችው ሁለተኛ ሳትለመን ነው። አበባ ይዛ፣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ።

ክትፎው ከነቆጮው ቀረበ። ካረን ጥሩ አድርጋ በላችና «በጣም አመሰግናለሁ፣ ጠግቤያለሁ» አለች።

«ኖ፣ ኖ፣ ምን በሉና!» አለ በድሩ፤ ሌላ ማንኪያ ጨመረ።

«እውነት ጠግቤያለሁ።»

«ይቺን ብቻ! ለኔ ሲሉ!»

«አቶ በድሩ፣ ኖ ማለቴ እኮ ኖ ነው» አለች ካረን እየሳቀች።

«እዚህ ቤት ኖ የሚባለው ከሦስት በኋላ ነው» አለ በድሩ። «የመጀመሪያው ለጨዋነት ነው። ሁለተኛው የባለቤቱን ልብ ለማየት ነው። በመጀመሪያው የሚያምን ሰው እንግዳውን ጦሙን ይሰዳል!»

ቤቱ ሳቀ። ካረንም ሳቀች። ከዚያ ግን ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋና ወደ ነጂባ ዞረች።

«ነጂባ» አለች፣ በማንኪያዋ ሳህኑን እያመለከተች። «መርከቡን ያኔ ስጠይቅሽ፣ እንደዚህ ነበር?»

ነጂባ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንባት ፈራች። ዝም ብትል ደግሞ ሁለተኛ የሚጠይቃት እንደሌለ አወቀች።

«አዎ» አለች።

«አምላኬ!» ካረን ግንባሯን ያዘች። «የስም ዝርዝሩ የሚላከው ሰኞ ነው። ታይለርም ኦክቶበር ይሻለኛል ሲል ነው የከረመው። ሶ፣ ሁለተኛ እየጠየቅሁሽ ነው። ከፈለግሽ ሦስተኛም እጠይቅሻለሁ። ትሄጃለሽ?»

«የምን መርከብ ነው?» አለ በድሩ በአማርኛ።

«ለትምህርቴ ነው ጋሼ። በሱ ከሄድኩ ፒ ኤች ዲውን እቀጥላለሁ። ካልሄድኩ በኦገስት ያበቃል።» ምራቋን ዋጠች። «ጁላይ ላይ ነው።»

ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገም። ቢልቂስ ቆጮውን እንደያዘች ቀረች። በድሩ ወደ ሻንጣው ዞር አለ፣ መለስ አለ፣ ፈገግ አለ።

«ታዲያ ለዚህ ነው? ሂጂ እንጂ! እኛ ሌላ ጊዜ እንሄዳለን። ትኬቱን ካንስል ማድረግ ነው። እናቴ እንደሆነች የትም አትሄድ።»

ነጂባ ይሄን አነጋገር ከእናቷ ጡት ጋር ነው የጠባችው። የመጀመሪያው ነው፤ የጨዋነቱ። አሁን ተራው የሷ ነው። «ኧረ በአላህ፣ እንዴት ተደርጎ! እናንተ ሂዱ» ማለት አለባት። እሱ «ወላሂ አትቀሪም» ይላል። እሷ «እማማ ዓይናቸው ሳይጠፋ ይድረሱላቸው» ትላለች። በሦስተኛው «እሺ፣ አላህ ይስጥሽ» ብሎ ይሄዳል። ቢልቂስም ታውቃለች። በድሩ ፈገግታውን ሳያጥፍ ዓይን ዓይኗን እያየ ይጠብቃል። ያኔ እሷ የካረንን ቢሮ በር እያየች እንደጠበቀችው።

አጎቷን ትወደዋለች። ከሱ ሌላ በዚህ አገር ማን አላት? ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር፤ «ኧረ በአላህ» ብትል ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ይመለሳል። ሱቁ፣ ባቡሩ፣ ምድር ቤቱ።

«እሺ ጋሼ» አለች። «አመሰግናለሁ።»

የበድሩ ፈገግታ መሄጃ አጥቶ ትንሽ እዚያው ፊቱ ላይ ቆየ። ካረን «እሺ»ን ብቻ ለይታ ሰምታ አጨበጨበች፤ ምስኪን፣ ምን ታውቃለች። ቢልቂስ ተነስታ ወደ ማድ ቤት ገባች፣ የምታመጣው ነገር ሳይኖር።

በድሩ ማንኪያውን አነሳ። «ዶክተር፣ ይጨምሩ እንጂ» አለ።

«አይ፣ አመሰግናለሁ» አለች ካረን።

«እሺ» አለና ማንኪያውን አስቀመጠው። ሁለተኛ አልለመናትም።

ነጂባ እጇን ወደ ማዕዱ ሰደደች። ብዪ ያላት ሰው አልነበረም፤ ጎረሰች።