የዘነቡ ግድግዳ

ዘነቡ ውሸታም አይደለችም። ላሊበላ ውስጥ ጎረቤት የሆናት ሁሉ ይመሰክርላታል፤ ገበያ ላይ ገብስ ስትሸጥ እንኳ ነቀዝ የነካውን ለይታ “ይሄ ለዶሮ ነው” የምትል ሴት ናት። ታዲያ እንዲህ ያለችው ሴት የእመቤታችንን ሥዕል ከእልፍኙ አውርዳ መኝታ ክፍሏ ውስጥ ስንጥቅ ላይ ስትሰቅል እጇ እንዴት እሺ አላት? እሱን እሷም አታውቀውም።

ነገሩ የመጣው ከአጥር ማዶ ነው። አንድ ሰው ለእንግዳ ማረፊያ መሠረት አስቆፈረና ክረምቱ ሲገባ የመኝታ ክፍሏ ግድግዳ ቁልቁል ተተረተረ። በጭቃ አስመረገችው፤ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ አፉን ከፈተ። በዚህ መሀል ኩልመስክ ከተማ አግብታ የምትኖረው ልጇ “ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ፣ ሽጠሽ እኔ ጋ ግቢ” እያለች ትወተውታታለች። ዘነቡም ባሏ ከሞተ ወዲህ ከግድግዳ ጋር ማውራት ታክቷታል፤ የልጅ ልጆቿን ማቀፍ ነው የምትፈልገው። የመጀመሪያው ገዢ ግን ስንጥቁን አይቶ የቀዳችለትን ጠላ እንኳ ሳይቀምስ ወጣ። ሥዕሉ ቦታውን የለወጠው በማግስቱ ነው። ሰፊ መጋረጃ ሰፋችለት፤ ከሥሩም ሣጥን አስጠጋች።

ቀጥለው የመጡት ባልና ሚስት ናቸው። ባልየው ቢሆነኝ አስጎብኚ ነው፤ ሚስቱ ማኅሌት ልብስ ትሰፋለች፤ ሆዷ ገፍቷል። ከተጋቡ ጀምሮ ከኪራይ ቤት ኪራይ ቤት ሲንከራተቱ ኖረው የመጀመሪያ ቤታቸውን ሊገዙ ነው። ዘነቡ ገና በር ላይ ስታያቸው ከፋት። አንድ ጥጋበኛ ነጋዴ ቢመጣላት ኖሮ መዋሸቱ ይቀላት ነበር።

ደላላው ደባሱ “ይሄ እኮ ቤት አይደለም፣ ርስት ነው!” እያለ ሊያጣድፋቸው ሞከረ። አልተጣደፉም። ቢሆነኝ በሩንም መስኮቱንም ዘግቶ ጨለማው ውስጥ ቀና ብሎ ቆመ፤ ቆርቆሮው የተበሳ እንደሆነ ብርሃን ያሳብቃል። ማኅሌት እንደምንም ጎንበስ ብላ የግድግዳውን ሥር አሸተተች፤ እርጥበት ካለ ይሸታል። በጣቷ እያንኳኳችም ጆሮዋን አስጠጋች። ውሃ በስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ ሰፈሩ ይነሳል የሚባለው ወሬ እውነት እንደሆነ ጠየቀች። ዘነቡ ሁሉንም እንዳለ መለሰች። ጣሪያው ክረምት ላይ በየትኛው በኩል እንደሚያንጠባጥብማ ሳይጠይቋት ተናገረች።

ደባሱ ተቁነጠነጠ። “እማማ ዘነቡ፣ ሻጭ ነዎት ገዢ?”

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ያቺን አንዷን ውሸት በእውነት ብዛት የምትከፍላት መስሏት ነበር።

መኝታ ክፍሉ ደረሱ። ማኅሌት ሦስቱን ግድግዳ አንኳኳች። አራተኛው ጋ ስትደርስ ቆመች፤ ነጠላዋን አስተካክላ፣ አማትባ፣ የመጋረጃውን ጫፍ ተሳልማ ወደ ኋላ አፈገፈገች። አላንኳኳችም። ማን ያንኳኳል? ልብ ካላየ ዓይን አያይም፤ የማኅሌት ልብ ደግሞ እዚያ ሲደርስ መመርመሩን ትቶ ጸሎት ገብቶ ነበር። ዘነቡ የፈለገችው ይህንኑ ነው። ሁሉም እንዳሰበችው ሆነላት፤ ፊቷም በኀፍረት ጋለ።

“እማማ፣ አንድ ነገር ባስቸግርዎትስ?” አለች ማኅሌት።

“ምን ልጄ?”

“ሥዕሏን እንዳለች ይተዉልን። ለእርስዎ ሌላ ገዝተን እናመጣለን። የሕፃኑን አልጋ እዚህ ሥሯ ላደርገው ነው። እሷ ትጠብቅልኝ።”

“ይተዉላችኋል እንጂ!” አለ ደባሱ ቀደም ብሎ። “ምን ገዷቸው!”

ዘነቡ ሣጥኑን አየችው። እሱ ተነሥቶ አልጋ ሲገባ፣ አልጋው ላይ ሕፃን ሲተኛ፣ ከዚያ ደግሞ ክረምቱ ሲመጣ ታያት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። አሁን ዝም ካለች ቤቱ ተሸጠ ማለት ነው፤ እሷም ልጇ ጋ ናት። ሌላ ውሸት አይጠበቅባትም፤ ዝም ማለት ብቻ።

“አውርጃት” አለች።

“አቤት እማማ?”

“ሥዕሏን አውርጃት ልጄ። እኔ አልችልም።” ለመስቀል የደፈረው እጇ ለማውረድ ፈራ።

ማኅሌት ባሏን አየችው፤ ከዚያ በሁለት እጇ አወረደችው። ስንጥቁ ጣት ያስገባል፤ ከውስጡ ቀዝቃዛ ንፋስ ይወጣል። ደባሱ “ይሄማ በሲሚንቶ...” ብሎ ጀመረ።

ዘነቡ ስድብ ጠበቀች። “ዓይንሽን በጨው ታጥበሽ በእመቤታችን ትነግጃለሽ?” ቢሏት በወደደች፤ የሰደበ ሰው ይለመናል፣ እግሩ ላይ ይወደቃል። እነሱ ግን ስንጥቁን ብቻ አዩ።

“አፈር ስሆን ይቅር በሉኝ” አለች። “ልጄ ጋ ልሂድ ብዬ ነው። ጎረቤቴ ሲያስቆፍር...” በጎረቤት ማላከኩ ራሱ አሳፈራትና ተወችው።

ቢሆነኝ አንገቱን ደፋ። እሷ በሠራችው እሱ አፈረላት፤ ይህ ደግሞ ከሁሉም ባሰባት። ማኅሌት የሥዕሉን አቧራ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ ከገፋው ሆዷ በላይ ደረቷ ላይ አቀፈችው። ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ እንደ መጀመሪያው በአንቱታ ነው የጠየቀቻት።

“እማማ፣ የት ላስቀምጥልዎት?”

ዘነቡ እጇን ለመጠቆም አነሳች። በገዛ ቤቷ ዙሪያውን ብትቃኝ ለእመቤታችን “እዚህ” የምትልበት አፍ አጣች፤ ያነሳችውን እጇን መልሳ ፊቷን ሸፈነችበት።