የረይሃና ስምንት ነጥቦች

ነፋሱ ያየለበት ዓርብ ነበር። የወደብ ከተማችን የማህዲያ ዓሣ አስጋሪዎች ከወደቡ ንቅንቅ አላሉም፤ ጀልባዎቻቸው ጎን ለጎን ታስረው ይጋጫሉ። ባሕር ላይ ማንም ስለሌለ የአስጋሪዎች ማኅበራችንን ዋና ኮምፒውተር፣ የሰርቨሩን ሲስተም ለመቀየር ከዚያ የተሻለ ቀን አልነበረም።

የማኅበሩን ኮምፒውተሮች የምጠብቀው እኔ ኢንሳፍ ነኝ። ሥራውን የተረከብኩት ከሞተ ሰው ነው። ሙንዚር ይባል ነበር፤ በልብ ሕመም በድንገት ሲያርፍ የቀረልኝ የቁልፍ ዘለላና በእጁ የጻፈው የይለፍ ቃል ዝርዝር ብቻ ነው። በየጀልባው ላይ ያለችው ትንሽ ሣጥን በየአምስት ደቂቃው ያለችበትን ቦታ ትልካለች፤ ሰርቨሩ ይቀበላል፤ ግድግዳው ላይ ያለው ስክሪን ጀልባዋን በነጥብ፣ ከነስሟ ያሳያል። ሥራችን ይኸው ነው።

አዲሱ ሲስተም ረፋዱ ላይ ያለ ችግር ተጫነ። ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣ ግን ደንቁሮ ተነሣ። ከኔትወርኩ ጋር አይገናኝም፤ አድራሻ የለውም። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ፤ በሌላ ገመድ ሞከርኩ፤ ወይ ፍንክች!

ከራሴ ላፕቶፕ ሆኜ የሰርቨሩን አድራሻ ጠራሁ። በእኛ ሙያ ይህ በር እንደማንኳኳት ነው። “አለህ?” ትላለህ፤ ያለው ማሽን “አለሁ” ይላል፤ የሌለው ዝም ይላል።

“አለሁ” አለኝ።

ዞሬ አየሁት። የገመዱ መብራት ጠፍቷል። ደግሜ ጠራሁ። አለሁ። ገመዱን ጨርሼ ነቀልኩና በእጄ ይዤው ጠራሁ። አለሁ። ቀና ስል ባዶ የነበረው ስክሪን በርቷል፤ ሃያ ሦስት ጀልባዎች ባሕሩ ላይ ተበትነዋል። በመስኮቱ ወደ ወደቡ አየሁ። ሁሉም እንደታሰሩ ናቸው።

በዚህ መሃል ዘበኛችን ኸማይስ ሁለት ሳህን ላብላቢ፣ የሽንብራ ሾርባ፣ ይዞ ገባ። ሁላችንም “አሚ” ነው የምንለው፣ አጎቴ ለማለት።

“አንቺ ልጅ፣ ዛሬም ከነዚህ ቆርቆሮዎች ጋር ተጋብተሽ ዋልሽ?” አለኝ። “ባል ቢመጣልሽ እንኳ ገመድ ከሌለው ዞር ብለሽ አታዪውም። ነይ ብዪ፣ ሽንብራው ሳይቀዘቅዝ።”

ልስቅ ስል እሱ ስክሪኑን አየ። ሳህኖቹን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

“ረይሃና” አለ።

“ምን አልክ አሚ?”

“ረይሃና ናት። ያቻትልሽ፣ ከሁሉም ርቃ። የማህሬዝ ጀልባ።”

ማህሬዝ ልጁ ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት፣ በየካቲት ማዕበል፣ ረይሃና ከእሱና ከሦስት ጓደኞቹ ጋር እንደወጣች ቀርታለች። አንድም አስከሬን አልተገኘም።

“አሚ፣ ስህተት ነው፤ ማሽኑ ተበላሽቶ ነው...”

“ስሟ ተጽፎ የምን ስህተት! ሬድዮውን ክፈቺ። ጥሪያቸው!” ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። “ጥሪያቸው እንጂ ልጄ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?”

አላህ ይይልኝ፣ እጄ ወደ ሬድዮው ሄዶ ነበር። ያስቆመኝ በስክሪኑ ጥግ ላይ ያየሁት ቀን ነው። የዚያ የየካቲት ቀን ነው። ጣቴን ዘርግቼ አሳየሁት። እጁ ከክንዴ ላይ ረገበ። ወጥቶ ሄደ፤ ላብላቢውን የነካው የለም።

የሚመልስልኝ ማን እንደሆነ ለማወቅ የኔትወርኩን ገመድ መከተል ነበረብኝ። ገመዱ ግድግዳውን በስቶ ወደ አሮጌው የበረዶ ክፍል ገባ፤ ከባዶ የዓሣ ሣጥኖች ኋላ ቁም ሣጥን ውስጥ ደረሰ። ስከፍተው አቧራ የለበሰች ትንሽ ጥቁር ማሽን አረንጓዴ መብራቷን ታርገበግባለች። በላይዋ በሙንዚር እጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ “አትንኩ። ትልቁ ዝም ሲል ይቺ ትናገራለች።”

ተጠባባቂ ናት። ትልቁ ሰርቨር ከአምስት ደቂቃ በላይ ከጠፋ የእሱን አድራሻ ወስዳ ትተካዋለች። ሙንዚር ለማንም ሳይናገር የሠራት ናት። ከዚያ የካቲት ወዲህ ትልቁ ያን ያህል ጠፍቶ ስለማያውቅ፣ ስትነቃ ያሳየችን የመጨረሻውን የምታውቀውን ቀን ነው።

የትልቁ ችግር ከዚያ ወዲያ አላስቸገረኝም። አዲሱ ሲስተም ለኔትወርክ ካርዱ አዲስ ስም አውጥቶለታል፤ የድሮው ፋይል ግን በአሮጌው ስም ይጠራዋል፤ እሱም አልሰማም። አንድ ቃል ቀየርኩ፤ ተገናኘ። ትንሿ ማሽን በራሷ ዝም አለች፤ ጀልባዎቹም ስክሪኑ ላይ ወደብ ገቡ።

እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። መዝገቧን ከፈትኩ።

በዚያ የየካቲት ቀን ሙንዚር ትልቁን ሰርቨር ለጥገና ብሎ ለአርባ አምስት ደቂቃ ዘግቶታል። በማዕበል ቀን! በዚያ ጊዜ ውስጥ ረይሃና ስምንት ጊዜ ያለችበትን ልካለች፤ የተቀበለቻት ትንሿ ብቻ ናት። ትልቁ ሲመለስ ረይሃና ዝም ብላለች። ፍለጋው የተደረገው ትልቁ በመጨረሻ ባወቀው ቦታ ዙሪያ ነው፤ ስምንተኛው ነጥብ ከዚያ አምስት ማይል ይርቃል።

መዝገቡ ማን እንደከፈተውም ይጽፋል። ሙንዚር ከአደጋው በዘጠነኛው ቀን ከፍቶታል። ከዚያም ደጋግሞ፣ አንዳንዴ በሳምንት ሁለቴ፣ እስከሞተባት ሳምንት ድረስ።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ሲ ፋውዚ፣ አቶ ፋውዚ እንደማለት ነው፣ ነገሩን ሲሰማ በሩን ዘጋ።

“ሙንዚር ሞቷል፤ ልጆቹ እዚሁ ከተማ ይኖራሉ። አሁን ማንን ከመቃብር ልታስነሺ ነው?”

“አሚ ኸማይስ ስክሪኑን አይቷል፣ ሲ ፋውዚ።”

“ስህተት ነው በዪው!”

“ብዬው ነበር።”

ሁለት ቀን መናገር አቃተኝ። ኸማይስ ምንም አልጠየቀኝም፤ ግን ጧት ጧት እየመጣ ከስክሪኑ ሥር ይቀመጣል። ሦስተኛው ቀን ነጥቦቹን በካርታ ላይ አትሜ ወደ ዘበኛ ቤቱ ወሰድኩለት። ሁሉንም ነገርኩት፤ የሙንዚርንም።

ካርታውን ጉልበቱ ላይ ዘረጋው።

“ሙንዚር በየዓርቡ ከእኔ ጋር ይበላ ነበር” አለ። “አዝኖልኝ ይመስለኝ ነበር።”

ከዚያ ሻካራ ጣቱን ነጥቦቹ ላይ አስኬደ። ሦስተኛው ላይ ቆመ።

“እዚህ ጋ ዞሯል። አየሽ? አፍንጫዋን ወደ ቤት አዙሯታል።” መጨረሻው ላይ ሲደርስ “ይሄ ስንት ሰዓት ነው?” አለኝ።

“ዘጠኝ ከሃያ።”

“ዘጠኝ ከሃያ ላይ እኔ ካፌ ቁጭ ብዬ ካርታ እጫወት ነበር” አለ።

በማግስቱ ጺሙን ተላጭቶ ወደ ሙንዚር ሚስት ቤት ሄደ። ሊጮህባት የሄደ መስሎኝ ፈርቼ ነበር። ተመልሶ ሲመጣ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

“ገና አንድ ቃል አልተናገርኩም ነበር” አለኝ። “በሩን ከፍታ ስታየኝ ‘በመጨረሻ መጣህ’ አለችኝ። ሙንዚር በእንቅልፍ ልቡ ስሜን ይጠራ ነበር አሉ። ለምን እንደሆነ አታውቅም። ልትጠይቀኝ ስትጠብቅ ኖራለች።”

“ነገርካት?”

“ነገርኳት። አሁን እሷም አትተኛም።”

ባሕሩ ሲረጋ፣ በሚያዝያ፣ ሰፍነግ የሚለቅሙ ጠላቂዎች ስምንተኛው ነጥብ ላይ ወረዱ። ረይሃና በሠላሳ ስምንት ሜትር ጥልቀት ላይ በጎኗ ተኝታ ነበር። ከካቢኗ የሦስት ሰው አጽም ወጣ፤ ማንነታቸው ተለይቶ ዘመዶቻቸው በባሕሩ ዳር መካነ መቃብር ቀበሯቸው። ኸማይስ የሦስቱንም ቃሬዛ ተሸከመ። ማህሬዝ ከነሱ ጋር አልነበረም።

ከቀብሩ በኋላ ሰው ሲበተን ኸማይስ ከጠላቂዎቹ አንዱን እጁን ይዞ ወደ ጎን ወሰደው። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

“የካቢኑ በር” አለው፣ “ክፍት ነበር ብለሃል።”

“አዎ አሚ፣ ክፍት ነበር።”

“ውሃው ሰብሮት ነው?”

“አይ። መቀርቀሪያው ተስቧል። ከውስጥ ነው የተከፈተው።”

“ከውስጥ?”

“ከውስጥ ነው አሚ።”

ኸማይስ ራሱን ነቀነቀ፤ ግን የሰውየውን እጅ አልለቀቀውም። ትንሽ ቆይቶ ያንኑ ደግሞ ጠየቀው፦ “ከውስጥ? ልጄ ከፍቶ ወጥቷል?”